ጭስ የሌለው መኪና ለእግረኛው ምን አመጣለት?

የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ባለፈው ሳምንት የስድስት ዓመት ልጄን እጁን ይዤ ዜብራ ጫፍ ላይ ቆሜ ነበር። ግራ ቀኝ አየሁ። ከማየትም በላይ አዳመጥኩ። ልጅ ሆኜ መንገድ መሻገር የተማርኩት በጆሮዬም ጭምር ነው። ምንም የለም። አንድ እግሬን አስፋልቱ ላይ እንዳሳረፍኩ፣ ከቆመ የጭነት መኪና ጀርባ ኤሌክትሪክ መኪና ብቅ አለ። የሞተር ድምፅ አልሰማሁም። የሰማሁት ጎማው ሲጮህ ብቻ ነው። ከልጄ ጫማ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። ሹፌሩ ወረደ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የኔም እንደዚያው። ይቅርታ ጠየቀኝ። መቆጣት እንኳ አልቻልኩም፤ ድምፄ አልወጣም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። እኔ ጭስ የሌለው መኪና እንዲበዛ ከሚፈልጉት አንዷ ነኝ። ትልቋ ልጄ አስም አለባት። መንገድ ዳር ስንሄድ አፍና አፍንጫዋን በሻርፕ እየሸፈንኩ ነው ያሳደግኳት። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ጠላት አይደለሁም። ግን «ንጹህ መኪና» ስንል ማንን እያሰብን ነው? የመኪናውን ንጽህና በጭስ ማውጫው ብቻ መለካት በቂ አይመስለኝም። ዜብራ ጫፍ ላይ የቆመው ሰውም በልኬቱ ውስጥ መግባት አለበት እላለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መሪ ጨባጭ

እህቴ፣ እንኳን ተረፋችሁ። የልጅ ነገር ያስደነግጣል።

እኔ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ነው የምውለው። እንደ ሹፌር አንድ ነገር ልናገር፤ ከእግረኛው በኩልም ችግር አለ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ፣ ዜብራው ሃያ ሜትር እያለለት መሀል ላይ ዘው የሚል ሰው በየቀኑ ያጋጥመኛል። ስንት ጊዜ ልቤ ቀጥ ብሏል። መኪናው ድምፅ ቢኖረውም ባይኖረውም ያ ሰው አይሰማም። አንቺ ተጠንቅቀሽ ነበር፤ አምናለሁ። ሁሉም እንዳንቺ አይደለም ለማለት ነው።

ነጭ በትር

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። የጻፋችሁትን ስልኬ እያነበበልኝ ነው የምመልሰው።

መሪ ጨባጭ ወንድሜ፣ ስለ ማዳመጫው ያልከውን አልቃወምም። እኔ ግን ጎዳና ላይ ጆሮዬን ደፍኜ አላውቅም። ዓይኔ እሱ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ስቆም የማዳምጠው መኪና መኖር አለመኖሩን ብቻ አይደለም። ሞተሩ ቆሞ እየሠራ ነው ወይስ እየተነሣ ነው? ወደ እኔ እየመጣ ነው ወይስ እየታጠፈ ነው? ከኋላው ሌላ አለ? በሞተር ድምፅ ብቻ የመስቀለኛው መንገድ ካርታ ጭንቅላቴ ውስጥ ይሳላል። ዝም ያለ መኪና ሲገባበት ካርታው ይቀደዳል።

ለዚህ ነገር መፍትሔ አልተፈለገም ማለት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2019 ጀምሮ አዲስ ሞዴል ሆኖ የሚወጣ ኤሌክትሪክና ሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄድ) መኪና፣ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የሚመዘገብ ሁሉ፣ በዝግታ ሲሄድ ድምፅ እንዲያሰማ ግዴታ ሆኗል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ድምፁ ከመነሻው እስከ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ድረስ፣ እንዲሁም ወደ ኋላ ሲሄድ መሰማት አለበት። 20 ላይ ሲደርስ ቢያንስ 56 ዴሲቤል መሆን አለበት። ደግሞ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ድምፁም እየቀጠነ መሄድ አለበት። ይቺ ለእኔ ወርቅ ናት። መኪናው እየፈጠነ ይሁን እየቆመ የምትነግረኝ እሷ ናት። ከ20 በላይ ግን ጎማው አስፋልቱ ላይ የሚፈጥረው ድምፅ ይበቃል ተብሏል።

በአሜሪካ ደግሞ ግዴታው እስከ 30 አካባቢ ይሄዳል። ትልቁ ልዩነት ግን ይህ አይደለም። በአሜሪካው ደንብ መኪናው ቆሞም ቢሆን፣ ማርሹ ፓርክ ላይ ካልሆነ ድምፅ ማሰማት አለበት። በአውሮፓው ግን ሲቆም ዝም እንዲል ተፈቅዷል። ዓይን ላለው ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። መብራት ላይ ዝም ብሎ የቆመ መኪና ለእኔ የለም። እስኪነሣ ድረስ የለም። ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ሲነሣ በአንዴ ነው።

የቆዩት መኪኖችም አሉ። ከደንቡ በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ ይህ ድምፅ የላቸውም። አንዳንዶቹ ድምፁን የሚያጠፋ ቁልፍ አላቸው። ቁልፉ ያላችሁ ሰዎች ይህንን የምታነቡ ከሆነ፣ እባካችሁ አታጥፉት።

ባትሪ ሙሉ

ሁለት ዓመት ሆነኝ ኤሌክትሪክ መኪና ከያዝኩ። የነጭ በትርን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። የመኪናዬ ድምፅ 20 ላይ እንደሚቆም ዛሬ ነው ያወቅኩት። ሁሌም ያለ ይመስለኝ ነበር። ውስጥ ለተቀመጠ ሰው በደንብ አይሰማም።

እናትዬ ግን ይህንንም አስቢ። ያ መኪና አንድ ክንድ ሲቀረው የቆመው ምናልባት በራሱ ፍሬን ይዞ ይሆናል። የእኔም እንዲህ ያደርጋል። ካሜራና ራዳር አለው፤ ሰው ፊቱ ከገባ ያስጠነቅቃል፤ እኔ ካልረገጥኩ እሱ ይይዛል። አንድ ጊዜ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ከግቢ ሲወጣ እኔ ሳላየው መኪናው አይቶታል። ስለዚህ ቴክኖሎጂው ወሰደብን ብቻ ሳይሆን ሰጠንም።

መንገድ ቀያሿ

እኔ የመንገድ መሐንዲስ ነኝ። ዋናው ነገር ታልፎ ሄደ ብዬ ስለማስብ ልግባ።

እናትዬ፣ ታሪኩን ስትነግሪን አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ከቆመ የጭነት መኪና ጀርባ»። ሁላችንም ስለ ድምፁ ስናወራ የጭነት መኪናውን ረሳነው። ከዜብራው ምን ያህል ርቆ ነበር የቆመው?

ለምን እንደጠየቅኩ ላስረዳ። መኪና ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ሁለት ክፍል አለው። ሹፌሩ አይቶ፣ ወስኖ፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ መኪናው መሄዱን ይቀጥላል። ከዚያ ነው ፍሬኑ ሥራ የሚጀምረው። ሹፌሩ አንድ ሴኮንድ ብቻ ፈጀበት እንበል፤ አስፋልቱም ደረቅ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄደው መኪና በአጠቃላይ በ13 ሜትር አካባቢ ይቆማል። በ50 የሚሄደው 28 ሜትር ገደማ ይፈልጋል።

አሁን አንድ ልጅ 14 ሜትር ፊት ለፊት መንገድ ገባ። በ30 የሚሄደው ሹፌር ልጁ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። በ50 የሚሄደው ሹፌር እነዚያን 14 ሜትሮች የሚጨርሳቸው እግሩ ፍሬኑ ጋ እስኪደርስ ነው። ፍሬኑ ገና አልተነካም። ልጁን የሚያገኘው በሙሉ 50 ፍጥነቱ ነው። ይህንን ስሌት ተማሪ ሳለሁ በእጄ ሠርቼው፣ ማመን አቅቶኝ ደግሜ ሠርቼዋለሁ። የሃያ ኪሎ ሜትር ልዩነት ትንሽ ልዩነት አይደለም። የግጭቱ ጉልበትም ከ30 ወደ 50 ሲሄድ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ ጉልበት በፍጥነት ካሬ ነውና የሚያድገው።

የጭነት መኪናው እዚህ ጋ ይገባል። እይታን ሲጋርድ ርቀቱን ይሰርቃል። ሹፌሩ ልጅሽን ከ30 ሜትር ሊያየው ሲገባ ምናልባት ከ8 ሜትር ነው ያየው። ካሜራውም ቢሆን በብረት ውስጥ አያይም። ድምፁም ቢኖር፣ በጭነት መኪናው ተጋርዶ ተዳክሞ ነበር የሚደርስሽ። በብዙ አገሮች ከዜብራ አጠገብ መኪና ማቆም የሚከለከለው ለዚህ ነው። ብዙ ቦታ ግን ክልከላው ቀለም ብቻ ነው፤ ቀለም ደግሞ መኪና አያስቆምም።

ዝምታው ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ አንድ የብሪታንያ ጥናት ከ2013 እስከ 2017 የደረሱ አደጋዎችን መርምሮ፣ በተነዳው ርቀት ሲሰላ ኤሌክትሪክና ሃይብሪድ መኪኖች እግረኛ የመግጨት ዕድላቸው ከቤንዚንና ከናፍጣ መኪኖች እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። ዘመኑን ልብ በሉ፤ የድምፁ ግዴታ ከመምጣቱ በፊት ነው። በተለይ ከተማ ውስጥ ነው ልዩነቱ የጎላው። የድምፁ ደንብ በከንቱ አልመጣም። እኔ የምለው ድምፁን የመጨረሻ መከላከያ አድርገን እንያዘው። ከሱ በፊት ፍጥነትና እይታ አሉ።

የሁለት ልጆች እናት

መንገድ ቀያሿ፣ ጥያቄሽ አስደነገጠኝ። የጭነት መኪናው አፍንጫ ዜብራውን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። እኔ ራሴ አንገቴን አስግጌ ነው ያየሁት። ይህንን እስካሁን እንደ ችግር አልቆጠርኩትም። ሁሌ እዚያ ቦታ አንድ ነገር ቆሞ ስለማይ ለምጄዋለሁ መሰለኝ።

እጀ ዘይት

ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት። እስቲ ስለ ንጽህናው እኔ ላውራ።

የቤንዚን መኪና ጭስ ማውጫ ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባል ዕቃ አለ። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተቀብቷል። መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያልተቃጠለውን ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ጉዳታቸው ወደ ቀነሰ ጋዝ ይለውጣል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1975 ሞዴሎች ጀምሮ ነው የተስፋፋው። እርሳስ፣ አእምሮን የሚጎዳው ብረት፣ ያለበት ቤንዚን ይህን ዕቃ በአጭር ጊዜ ይገድለዋል። ስለዚህ ለኮንቨርተሩ ሲባል እርሳስ የሌለው ነዳጅ መሸጥ ግድ ሆነ። የሕፃናት አእምሮ የተረፈው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። የመጨረሻዋ አገር፣ አልጄሪያ፣ እርሳስ ያለበትን የመኪና ቤንዚን መሸጥ ያቆመችው በ2021 ነው። ስንት ትውልድ እንደተነፈሰው አስቡት።

ደንበኞቼ የማያውቁት ነገር ደግሞ አለ። ኮንቨርተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን አይሠራም። ወደ 300 ዲግሪ መድረስ አለበት። ጠዋት ሞተር አስነሥቶ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ መኪና፣ የጉዞውን ጥሩ ክፍል የሚሄደው ኮንቨርተሩ ሳይሞቅ ነው። ያ ጭስ የሚለቀቀው ደግሞ የት ነው? ትምህርት ቤት በር ላይ። ጭስ ማውጫው ያለበት ከፍታ የአዋቂ ጉልበት ጋ ነው። የሕፃን ጋሪ ውስጥ ለተኛ ልጅ አፍንጫው ጋ ነው። ናፍጣ ላይ ደግሞ የጥቀርሻ ማጣሪያውን «መኪናው ከበደኝ» ብለው እንድፈታላቸው የሚጠይቁኝ አሉ። አልፈታም። ያንን ማጣሪያ ፈትቶ ከተማ ውስጥ የሚነዳ ሰው የኋላውን አያይም እንጂ፣ ከኋላው የሚሄደው ሰው ነው የሚከፍለው።

ኤሌክትሪክ መኪና ይህንን ሁሉ ከመንገድ ያነሣል። በዚህ ጉዳይ ክርክር የለኝም። ግን አቧራ አያመጣም ማለት አይደለም። ከፍሬንና ከጎማ የሚረግፍ ጥቃቅን ብናኝ አለ። የፍሬኑን በተመለከተ ኤሌክትሪክ መኪና ይሻላል። እግርህን ከፔዳሉ ስታነሣ ሞተሩ ራሱ ወደ ጄኔሬተርነት ተቀይሮ መኪናውን ያዘገየዋል፤ ኤሌክትሪክም ወደ ባትሪው ይመልሳል። የፍሬን ሸራ ለመቀየር የሚመጣልኝ ኤሌክትሪክ መኪና ጥቂት ነው። እንዲያውም ዲስኩ ሥራ ስለሚፈታ ዝገት ነው የማገኝበት። ባለቤቶቹ አልፎ አልፎ ፍሬኑን ረገጥ እያደረጉ ቢያሠሩት ደስ ይለኛል፤ የዛገ ፍሬን በጭንቅ ሰዓት አያስተማምንም። ጎማው ግን ሌላ ነገር ነው። ባትሪው ብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናል። ከባድ መኪና፣ በአንዴ የሚነሣ ጉልበት፤ ጎማው ቶሎ ያልቃል። ያለቀው ጎማ የሄደው አየርና አፈር ውስጥ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው ዩሮ 7 ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ የፍሬን ብናኝ ላይ ገደብ አስቀምጧል። ለኤሌክትሪክ መኪና በኪሎ ሜትር 3 ሚሊግራም፣ ለአብዛኞቹ ሌሎች የቤት መኪኖች 7። በጥሩ አቅጣጫ እየሄደ ነው እላለሁ።

ባትሪ ሙሉ

እጀ ዘይት፣ አመሰግናለሁ። ስለ ዝገቱ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ክብደቱን ካነሣህ አይቀር ልጠይቅ፤ መኪናዬ ከበፊተኛው በአምስት መቶ ኪሎ ይበልጣል። እግረኛ ብገጭ በዚያው ልክ የከፋ ነው ማለት ነው?

መንገድ ቀያሿ

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ብዙ ሰው እንደሚጠብቀው አይደለም። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1500 ኪሎ በሆነ መኪና መመታትና 2000 ኪሎ በሆነ መኪና መመታት ብዙም ልዩነት የለውም። ሁለቱም ከሱ ጋር ሲነጻጸሩ ግድግዳ ናቸው። ክብደት በጣም የሚለየው መኪና ከመኪና ሲጋጭ ነው። ለእግረኛው የሚለየው ፍጥነቱና የመኪናው ፊት ቅርጽ ነው።

ኮፈኑ ዝቅ ያለ መኪና እግርን ይመታና ሰውየውን ኮፈኑ ላይ ያጋድመዋል። ኮፈኑ ከታች ካለው ሞተር ትንሽ ክፍተት ካለው ቆርቆሮው ስለሚታጠፍ ጭንቅላትን ያስተናግዳል። ኮፈኑ ከፍ ያለና ፊቱ ቀጥ ያለ መኪና ግን ደረትን ወይም ዳሌን ይመታል። ልጅ ከሆነ ጭንቅላቱን። ከዚያ ወደፊት ይወረውርና ጎማ ሥር ይጥለዋል። በአሜሪካ በመድን ድርጅቶች የሚደገፈው የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት፣ የኮፈናቸው ከፍታ ከአንድ ሜትር በላይ የሆኑ መኪኖች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው ዝቅ ካሉትና ፊታቸው ተዳፋት ከሆኑት መኪኖች በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ መኪና የምትመርጡ ሰዎች ባትሪውን ብቻ ሳይሆን የፊቱን ቁመትም እዩ። ከፊቱ ቆማችሁ ኮፈኑ የት ጋ እንደሚደርስ ተመልከቱ። ከዚያ ልጃችሁን አቁሙት።

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ የምትሉትን ሁሉ አነበብኩ። እኔ ቴክኖሎጂ ብዙም አላውቅም። ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ነው፤ በከዘራ ነው የምሄደው። ችግሬ አረንጓዴው መብራት ነው። ሰፊውን መንገድ ግማሽ ሳልደርስ ይቀየርብኛል። መሀል ላይ ስቆም መኪኖቹ ይነሣሉ። ጥሩምባ የሚነፉብኝም አሉ። የቤቴ ልጆች ብቻዬን እንዳልወጣ ከልክለውኛል። እኔን ያስቸገረኝ ግን መውጣቱ ሳይሆን መንገዱ ነው።

መንገድ ቀያሿ

አባቴ፣ የጻፉት ነገር ልቤን ነካው። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ሰዓቱ ለእርስዎ አልተሰላም። የእግረኛ መብራት ብዙ ጊዜ የሚሰላው ሰው በሴኮንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ነው። መንገዱ 14 ሜትር ስፋት ካለው ወደ 12 ሴኮንድ ይሰጣል። በከዘራ የሚሄድ ሰው በሴኮንድ 0.8 ሜትር ቢራመድ 17 ሴኮንድ ተኩል ያስፈልገዋል። እነዚያ አምስት ሴኮንዶች ናቸው መሀል መንገድ ላይ የሚያስቀሩዎት። ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። መብራቱን የሚያስተካክለው ክፍል ሰዓቱን መጨመር ይችላል፤ መሀል ላይም ማረፊያ ደሴት ቢሠራ መንገዱን በሁለት ዕረፍት ይሻገሩታል። ሌላም ዘዴ አለ። እግረኛው ከመኪኖቹ ከ3 እስከ 7 ሴኮንድ ቀድሞ አረንጓዴ እንዲያገኝ ይደረጋል። መኪኖቹ ሲነሡ እግረኛው ቀድሞ መንገዱ ላይ ስላለ፣ የሚታጠፈው ሹፌር በደንብ ያየዋል። መቆጣጠሪያውን እንደገና ማስተካከል ነው እንጂ ግንባታ አይጠይቅም።

የሌሊት ተረኛ

የምሠራው ሌሊት ነው። ስለ አውቶማቲክ ፍሬኑ አንድ ነገር ላስታውስ። መንገድ ቀያሿ የጠቀሰችው ተቋም በ2022 አጥንቶት ነበር። እግረኛን የሚለይ ፍሬን ያላቸው መኪኖች የእግረኛ ግጭታቸው በ27 በመቶ ቀንሷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን መብራት በሌለበት ጨለማ መንገድ ላይ ምንም ልዩነት አልተገኘም። በአሜሪካ እግረኛ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ደግሞ በጨለማ ነው። አሜሪካ ከመስከረም 2029 ጀምሮ አዲስ መኪና ሁሉ በሌሊትም እግረኛን ለይቶ የሚይዝ ፍሬን እንዲኖረው በ2024 ደንብ አውጥታለች። እስከዚያ ድረስ ባትሪ ሙሉ ወንድሜ፣ በሌሊት ፍሬኑን አትመካበት። የፊት መስታወትህን ካሜራው ያለበት ቦታ ላይ በደንብ ጥረገው። ጭቃ ከያዘው አያይም።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን ሁለት መስመር ያለው መንገድ ላይ ያለ ዜብራ ነው። አንዱ ሹፌር ለእግረኛ ክብር ሰጥቶ ይቆማል። እግረኛው አመስግኖ ይገባል። ከኋላ የሚመጣው ሌላው ሹፌር «ይሄ ምን ገተረው» ብሎ በጎን ያልፈዋል። የቆመው መኪና ሁለቱን እርስ በርስ ጋርዷቸዋል። አንድ ሌሊት በዓይኔ አይቻለሁ። ሴትየዋ እጇን አንሥታ እያመሰገነች ነበር። ስለሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ሹፌሮች፣ ዜብራ ፊት መኪና ቆሞ ካያችሁ ሰው እየተሻገረ ነው ብላችሁ አስቡ። አትለፉት። ስትቆሙም ዜብራው ጫፍ ድረስ አትጠጉ፤ አምስት ስድስት ሜትር ራቅ ብላችሁ ቁሙ። የሚሻገረው ሰው በእናንተ አፍንጫ ፊት አሻግሮ ማየት ይችላል።

መሪ ጨባጭ

መጀመሪያ ላይ እግረኛውን የወቀስኩት እኔ ነኝ። ዝም ብዬ ስከታተል ነበር።

ትናንት አንድ ነገር ሞከርኩ። ከተማ ውስጥ ያለውን መስመሬን በሙሉ ከ30 ሳላልፍ ነዳሁት። ከኋላዬ ጥሩምባ ነበር፤ አልክድም። ግን መብራቶቹ ስላሉ የደረስኩት ከተለመደው ሰዓቴ አራት ደቂቃ ብቻ ዘግይቼ ነው። ደግሞ የሚገርመው፣ ያዩኛል። እግረኞቹ ማለቴ ነው። እኔም ፊታቸውን አያለሁ። በ50 ስነዳ ፊት አይቼ አላውቅም። ስልኩን እያየ የገባ ልጅ አጋጥሞኛል፤ ቆምኩለት፤ ሳያየኝ ተሻገረ። ጥፋተኛ ነው? ነው። ግን ለዚያ ጥፋት መሞት የለበትም።

መንገድ ቀያሿ

ወንድሜ፣ በጣም ነው ያስደሰትከኝ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርህ ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1997 በፓርላማዋ ካጸደቀችው «ዜሮ ራእይ» ጋር አንድ ናት። ሰው ይሳሳታል፤ መንገዱ ስህተቱን የሞት ቅጣት እንዳያደርግበት ሆኖ ይሠራ ነው የሚለው። በ2020 ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡት የዓለም አገሮችም እግረኛና መኪና በብዛት በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነቱ ከ30 እንዳይበልጥ ጠይቀዋል። ብራስልስ ከጥር 2021 ጀምሮ በከተማዋ መንገዶች ላይ 30ን መደበኛ ፍጥነት አድርጋለች። የፊንላንዷ ሄልሲንኪ ከግማሽ በላይ መንገዶቿን 30 አድርጋ፣ ከ2024 ሐምሌ እስከ 2025 ሐምሌ አንድ ሙሉ ዓመት በትራፊክ አደጋ ሰው ሳይሞትባት አሳልፋለች። ዓመቱን ሙሉ አንድም ሰው። ያ ከተማ በረዶ የሚጥልበት፣ ክረምቱ ጨለማ የሆነ ከተማ ነው።

እጀ ዘይት

ከኔ በኩል አንዲት ነገር ልጨምር። በዝግታና በእርጋታ የሚነዳ መኪና የፍሬን ሸራውም ጎማውም ይበረክታል። እየተጣደፉ ነዳጅ ረግጦ፣ ወዲያው ፍሬን መያዝ ነው ብናኝ የሚያበዛው። አየሩንና እግረኛውን ለየብቻ ስናስብ ነበር፤ ብዙ ቦታ ላይ መድኃኒታቸው አንድ ነው።

የሁለት ልጆች እናት

ተመልሼ መጣሁ። ዜና አለኝ።

ትናንት በዚያው ሰዓት ብቻዬን ወደ ዜብራው ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት የተለያዩ መኪኖች እየተፈራረቁ እዚያው ቦታ ላይ ቆመው ዕቃ አራገፉ። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። ከዜብራው እስከ መኪናው አፍንጫ በእርምጃ ለካሁት፤ ሁለት እርምጃ ነው። ከዚያ ሰው ይሳቅ አይሳቅ ሳልል ተንበርክኬ በልጄ ቁመት አየሁት። የሚታየኝ ጎማ ብቻ ነበር። መንገዱ ጨርሶ አይታይም። ስንት ጊዜ «አይተህ ተሻገር» ብዬዋለሁ።

ፎቶ አነሣሁ። ለመንገድ ትራፊክ ክፍሉ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የጠየቅኩት ሦስት ነገር ነው። ከዜብራው በፊት መኪና እንዳይቆም አጫጭር ምሰሶዎች ይተከሉ፤ ዕቃ ማራገፊያው ከዜብራው በኋላ ወዳለው ቦታ ይዛወር፤ ዜብራው ራሱ ከፍ ብሎ ይሠራና መኪኖቹ ፍጥነት እንዲቀንሱ ያስገድድ። መንገድ ቀያሿ ረቂቁን አይታልኝ አስተካክላዋለች፤ እግዜር ይስጥልኝ። የጡረተኛው አባታችንን መብራትም በሌላ ደብዳቤ ጽፌዋለሁ፤ የመንገዱን ስም በውስጥ መልእክት ይላኩልኝ።

ነጭ በትር፣ ደብዳቤው ገና አልገባም። አንተ የምትጨምረው አለ?

ነጭ በትር

አለኝ፤ ስለጠየቅሽኝም ደስ ብሎኛል። ዜብራው ከፍ ሲል ከእግረኛ መንገዱ ጋር አንድ ደረጃ ላይ ይሆናል። ለጋሪም ለከዘራም ጥሩ ነው። እኔ ግን አስፋልት የት እንደሚጀምር የማውቀው በጠርዙ ነው፤ በትሬ ወርዶ ሲነካው። ጠርዙ ከጠፋ ሳላውቀው መንገድ መሀል እገባለሁ። ስለዚህ ጫፉ ላይ በጫማ የሚዳሰስ፣ ጉብ ጉብ ያለ ንጣፍ ይደረግ ብለሽ ጻፊ። በሙሉ ስፋቱ ይሁን፤ ግማሹ ላይ ብቻ አድርገውት ዳር ዳሩን የሳትኩበት ቦታ አለ።

የሁለት ልጆች እናት

አራተኛ አድርጌ ጨምሬዋለሁ፤ «በሙሉ ስፋቱ» ብዬ። ነገ ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ አስገባዋለሁ።